አንድ ነጥብ የጐደለው ማዕረግና የወላጅ ኩራት

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ በቀድሞ ተማሪዎች ስም የቀረበ ንግግር)





ትምህርት ቤታችን የተመሠረተበትን ቀን በደስታ በሚያከብርበት በዛሬው ዕለት ከፊታችሁ ቆመን እንድንናገር ስለ ተፈቀደልን ከልብ እናመሰግናለን። እኛ በዚሁ በኮልፌ 18 ማዞሪያ ያደግን፣ በዚሁ ግቢ የተማርንና ከዚያም ወደ ልዩ ልዩ ዩኒቨርሲቲዎች የተበተንን የቀድሞ ተማሪዎች ነን። በእንዲህ ያለ በዓል የሚደረግ ንግግር ብዙውን ጊዜ የሚያወሳው አንደኛ የወጡትንና የወርቅ ሜዳሊያ ያጠለቁትን ነው። ይህም ተገቢ ነው፤ የደከመ ሊመሰገን ይገባዋልና። እኛ ግን ዛሬ ልንነግራችሁ የመረጥነው ስለ ሌሎቹ ነው፤ ይኸውም ወደ ከፍተኛው ማዕረግ ተጠግተው እጅግ ጥቂት ስለ ጐደለባቸው ልጆች፣ እንዲሁም በዚያ ቀን በወላጆቻቸው ልብ ስለሚያድረው ነገር ነው።

ይህን ርእስ የመረጥነው ስለ ሁለት ምክንያት ነው። አንደኛው፣ ዛሬ በዚህ አዳራሽ ከተቀመጣችሁት ተማሪዎች መካከል ዩኒቨርሲቲ የምትገቡ ሁሉ ይህ ነገር ሳይገጥማችሁ ወይም የቅርብ ጓደኛችሁን ሳይገጥመው አይቀርም። ሁለተኛው፣ ስለ ወደቀ ተማሪ ብዙ ይመከራል፤ አንደኛ ስለ ወጣም ብዙ ይዘፈናል፤ ለጥቂት ስለ ቀረበት ግን የሚናገር የለም። እርሱም ኀዘኑን ለማንም ሳይናገር በልቡ ይዞት ይኖራል።

አስቀድመን ነገሩ በቁጥር ምን እንደ ሆነ እንመልከት። በአገራችን ዩኒቨርሲቲዎች የተማሪ ውጤት እስከ 4 በሚደርስ ነጥብ ይለካል። ኤ ያገኘ 4፣ ኤ ማይነስ 3.75፣ ቢ ፕላስ 3.5፣ ቢ ደግሞ 3 ነጥብ ይያዝለታል። ይህም ነጥብ በየትምህርቱ የክሬዲት ሰዓት ተባዝቶና ተደምሮ ለጠቅላላው ሰዓት ሲካፈል ተማሪዎች ጂፒኤ የምንለው አማካይ ነጥብ ይወጣል። በተለመደው ደንብ 3.25 የደረሰ በማዕረግ፣ 3.50 የደረሰ በከፍተኛ ማዕረግ፣ 3.75 የደረሰ በእጅግ ከፍተኛ ማዕረግ ይመረቃል።

አሁን አንድ ምሳሌ እናስላ። አንድ ተማሪ እስኪመረቅ ድረስ 120 የክሬዲት ሰዓት ተማረ እንበል። ለከፍተኛ ማዕረግ የሚያስፈልገው 120 ጊዜ 3.50፣ ማለትም 420 ነጥብ ነው። ይህ ተማሪ ግን ያገኘው 419 ቢሆን አማካዩ 3.49 ይሆናል። የጐደለው አንድ ነጥብ ነው። ሦስት ሰዓት በሚይዝ በአንድ ትምህርት ብቻ በቢ ፋንታ ቢ ፕላስ ቢያገኝ ኖሮ 1.5 ነጥብ ተጨምሮለት 420.5 ይደርስና መስመሩን ያልፍ ነበር። ትምህርቱ ሁሉ የሦስት ሦስት ሰዓት ቢሆን 120 ሰዓት ማለት 40 ትምህርት ነው። እንግዲህ ከ40 ትምህርት በአንዱ፣ ያውም በአንድ እርከን፣ ይህን ያህል ለውጥ ይመጣል ማለት ነው።

ይህን ስንል ማዕረግ ከንቱ ነገር ነው ማለታችን አይደለም። እንዲህ ያለው ማጽናኛ ያዘነውን ሰው ይበልጥ ያስቆጣዋል እንጂ አያጽናናውም፤ እውነት አይደለምና። ዩኒቨርሲቲዎች ለረዳት መምህርነት ተመራቂዎችን ሲመርጡ የሚያስቀድሙት ነጥብን ነው። ወደ ውጭ አገር ለሚሰጥ የትምህርት ዕድል የሚያመለክት ሰውም መጀመሪያ የሚጠየቀው ነጥቡን ነው። በጋዜጣና በማስታወቂያ ሰሌዳ በሚወጣው የሥራ ማስታወቂያ ላይ እንኳ ዝቅተኛው ነጥብ ተጽፎ እናያለን። በ3.49ና በ3.50 መካከል ያለው ልዩነት በዕውቀት ሚዛን ቢመዘን ምንም አይታይም፤ በደንብ መስመር ላይ ግን አንዱን ከበር ውስጥ፣ ሌላውን ከበር ውጭ ያደርጋል። መስመር ያለ ዳር አይኖርምና አንድ ሰው ሁልጊዜ ከዳሩ ላይ ይቆማል። ስለዚህ ኀዘኑ ምክንያት ያለው ኀዘን ነው።

ሆኖም እኛ ያየነው ትልቁ ኀዘን ከሥራው በር ላይ አልነበረም፤ ከቤት ደጃፍ ላይ ነበር እንጂ።

ከመካከላችን አንዱ በምረቃው ሰሞን ውጤቱን ሲያይ 3.49 ሆኖ አገኘው። እናቱ በሠፈራችን እንጀራ እየጋገሩ ለሻይ ቤቶች በማቅረብ እርሱንና ታናናሾቹን ያሳደጉ ናቸው። ልጃቸው በሦስተኛው ዓመት ማለቂያ ላይ ነጥቡ ጥሩ መሆኑን በነገራቸው ጊዜ፣ በቡና ላይ ለጎረቤቱ ሁሉ «ልጄ በከፍተኛ ማዕረግ ነው የሚመረቀው» ብለው አውርተው ነበር። ጓደኛችን ይህን ስለሚያውቅ ሁለት ቀን ከመኝታው ሳይነሣ ቀረ፤ ጋውን አልለብስም፣ ፎቶግራፍም አልነሣም አለ። እኛም ከወደቀ ሰው ይልቅ ለጥቂት የቀረበት ሰው የበለጠ ሲንገበገብ በዚያን ጊዜ ተመለከትን። ነገሩ ሲታሰብ ግልጽ ነው፤ የወደቀው «ከቶም አልደረስሁበትም ነበር» ብሎ ይተወዋል፤ ይኸኛው ግን ያችን አንዲት ፈተና፣ ያችን አንዲት ጥያቄ፣ ያን አንድ ቀን ሲቈጥር ያድራል።

በመጨረሻም ስልክ ደውሎ ለእናቱ እውነቱን ነገራቸው። እርሳቸውም ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና «የጐደለው ስንት ነው?» ብለው ጠየቁት። «ከአንድ ነጥብ መቶኛዋ ናት እማዬ» አላቸው። «እና ከአንድ እንጀራ መቶኛዋን ጉርሻ አጣሁ ብለህ ነው እንጀራውን የምታስቀምጠው? ተነሥ፤ እኔ ቀሚሴን አሳጥቤያለሁ» አሉት። በምረቃውም ቀን ከሁለት ጎረቤቶቻቸው ጋር አበባ ይዘው መጡ፤ እልልታቸውም ከሁሉ ይበልጥ ይሰማ ነበር።

ነገር ግን እውነቱን ሙሉ ለሙሉ ለመናገር፣ እናትየው ምንም አልቆጫቸውም ብንል ልክ አይሆንም። ጓደኛችን በኋላ እንደ ነገረን፣ እናቱ ለብዙ ሳምንት ስለ ምረቃው በተነሣ ቁጥር «ልጄ ተመረቀ» ብለው ወሬውን በዚያው ይቈርጡት ነበር። አስቀድመው ያወሩትን ቃል አይደግሙትም፤ አያፈርሱትምም። ይህ ዝምታ ከቁጣ ይልቅ ያሳዝነው እንደ ነበር አጫውቶናል። ዓመት ሳይሞላ ግን በሥራ ላይ ዋለ፤ በመጀመሪያ ደመወዙም የታናሽ እኅቱን የትምህርት ቤት ወጪ ቻለ። ከዚያም ወዲህ እናትየው በቡና ላይ የሚያወሩት ስለዚህ ሆነ። ማዕረጉን ያነሣውም ሰው አልነበረም።

ከዚህ የምንማረው ምንድር ነው? የወላጅ ኩራት ሁለት ክፍል እንዳለው ነው። አንደኛው በጎረቤት ፊት የሚለበስ ኩራት ነው፤ ይህ ኩራት ቁጥርና ስም ይፈልጋል፤ በቶሎ ይሞቃል፤ በቶሎም ይበርዳል። ሁለተኛው በጓዳ የሚቀመጥ ኩራት ነው፤ ይህ የሚመጣው ልጁ ሰው ሆኖ ሲታይ፣ ቃሉን ሲጠብቅ፣ የተደከመለትን ድካም ሲያውቅ ነው። «ወላድ በድባብ ትሂድ» የተባለው ለሁለቱም ይሆናል፤ የመጀመሪያው ግን ድባቡን ብቻ የሚያይ ነው፤ ሁለተኛው ልጁን ያያል። የመጀመሪያውን ኩራት አንነቅፍም፤ ሌሊት ተነሥታ ምጣድ ያሰማች እናት፣ በመርካቶ ሸክም የተሸከመ አባት፣ በጎረቤቱ ፊት አንድ ቀን ቀና ብሎ ቢሄድ የሚበዛበት አይደለም። እኛ የምንለው ሁለተኛው ኩራት ከሌለ የመጀመሪያው ብቻውን ልጅን ሸክም ያሸክማል ነው።

ቋንቋችንም በዚህ ነገር የሚመክረን አለው። ትምህርቱን የጨረሰውን ተማሪ «ተመረቀ» እንለዋለን። ሌሎች አገሮች ለዚህ የሚጠቀሙበት ቃል ብዙውን ጊዜ ከደረጃ ጋር የተያያዘ ነው፤ የእኛው ግን ከምርቃት የመጣ ነው። የተመረቀ ማለት ምርቃት የተቀበለ ማለት ነው። የሚመርቀውም ወላጅ፣ መምህር፣ ሽማግሌ ነው። እንግዲህ በቃሉ መሠረት ከሄድን፣ ወላጁ «ይቅናህ» ብሎ የመረቀው ልጅ ነጥቡ ምንም ቢሆን ተመርቋል፤ ወላጁ ፊቱን ያዞረበት ልጅ ግን ሜዳሊያ ቢያጠልቅም ምርቃቱ ጐደሎ ነው። «ማዕረግ» የሚለውም ቃል ከግእዙ ዐርገ የመጣ ነው፤ እርሱም ወጣ፣ ከፍ አለ ማለት ነው። ስለዚህ ማዕረግ የመውጫ እርከን ነው እንጂ የመሰላሉ ጫፍ አይደለም፤ በአንዱ እርከን ላይ የቆመ ሰው ወደሚቀጥለው እግሩን ያነሣል።

በጥንቱ የቤተ ክህነት ትምህርት ቅኔውን ወይም ድጓውን የፈጸመ ተማሪ መምህሩ መስክረውለት ይወጣ ነበር። ምስክርነቱ በነጥብ የተከፋፈለ አልነበረም፤ ዐወቀ ወይም ገና ነው፤ ገና ከሆነ ደግሞ ተመልሶ ይቀጽላል። በሠፈራችን በቁርኣን ትምህርትም እንዲሁ ልጁ ያኸተመ ቀን ቤተ ሰቡ ደስ ብሎት ዱዓ ያደርግለታል። ይህን ስንል ዘመናዊው የነጥብ አሠራር ይቅር ማለታችን አይደለም፤ በሺህ የሚቈጠሩ ተማሪዎችን ለመለየት ቁጥር ያስፈልጋል። ነገር ግን ቁጥሩ ከመጣ በኋላ ምርቃቱ እንዳይረሳ እናሳስባለን።

አሁን ደግሞ ከዓለም ታሪክ ሁለት ሰዎችን እንጥራ። በፊዚክስ መጽሐፋችሁ ውስጥ የሙቀት መለኪያ የሆነውን ኬልቪንን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ ውኃ በረዶ የሚሆንበት 273.15 ኬልቪን ነው። ይህ ስም የዊልያም ቶምሰን የማዕረግ ስም ነው፤ በኋላ ሎርድ ኬልቪን ተባሉ። አባታቸው ጄምስ ቶምሰን በግላስጎ ዩኒቨርሲቲ የሒሳብ ፕሮፌሰር ነበሩ፤ እናታቸው ገና በስድስት ዓመታቸው ስለ ሞቱ ልጆቹን ያስተማሩት አባትየው ናቸው። ልጃቸውን ወደ ካምብሪጅ የላኩት በትልቅ ተስፋ ነው። በዚያን ዘመን በካምብሪጅ የሒሳብ ተመራቂዎች በተራ ይደረደሩ ነበር፤ አንደኛው በአገር ሁሉ ስሙ ይነሣ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1845 ቶምሰን አንደኛ ይወጣሉ ተብለው ሲጠበቁ ሁለተኛ ሆኑ፤ አንደኛ የወጡት እስጢፋን ፓርኪንሰን ነበሩ። ጥቂት ሳይቈይ ለስሚዝ ሽልማት በተደረገው ሌላ ፈተና ግን ቶምሰን አንደኛ ወጡ። በሚቀጥለው ዓመት በ1846፣ በ22 ዓመታቸው፣ አባታቸው በሚያስተምሩበት ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ተባሉ። አባትየውም ልጃቸው ለዚያ ወንበር እንዲበቁ ሲያዘጋጇቸው የቆዩ ናቸው፤ ሁለተኛ በመውጣታቸው ተስፋቸውን አላጠፉም። በ1848 ቶምሰን ዛሬ የምትማሩትን የፍጹም ሙቀት መለኪያ አቀረቡ። የአባትየው ሞት በ1849 ነበርና ይህን ለማየት በቁ። ጄምስ ክላርክ ማክስዌልም እንዲሁ በ1854 በዚያው ፈተና ሁለተኛ የወጡ ናቸው፤ ስለ ኤሌክትሪክና ማግኔት የምትማሩት ትምህርት ግን ከእርሳቸው ጋር የተሳሰረ ነው።

«እነዚህ ሩቅ ናቸው» የምትሉ ብትኖሩ ወደ ራሳችን ሠፈር እንመልሳችሁ። እ.ኤ.አ. በ1962፣ በእኛ 1954 ዓ.ም. ክረምት፣ ኔልሰን ማንዴላ በዚሁ በኮልፌ በፈጥኖ ደራሽ ሠፈር የወታደር ትምህርት ተቀብለዋል። ለስድስት ወር የታሰበው ትምህርት በሁለት ወር ገደማ ተቋርጦ ወደ አገራቸው ተጠሩ፤ ወዲያውም ታሰሩ። እኒህ ሰው ከቤተ ሰባቸው ትምህርት ቤት የገቡ የመጀመሪያው ልጅ ነበሩ። በዊትዋተርስራንድ ዩኒቨርሲቲ ከ1943 ጀምሮ ሕግ ቢማሩም የመጨረሻውን ዓመት ፈተና ሳያልፉ ቀርተው ያለ ዲግሪ ወጡ። ይህ ለጥቂት ከመቅረትም የባሰ ነው። በሌላ መንገድ ተፈትነው ጠበቃ ሆኑና በ1952 ከኦሊቨር ታምቦ ጋር የሕግ ቢሮ ከፈቱ። ያን የቀረባቸውን የሕግ ዲግሪ ያገኙት በ1989፣ በ70 ዓመታቸው፣ እስረኛ ሳሉ ከደቡብ አፍሪካ ዩኒቨርሲቲ ነው። እናታቸው ግን በ1968 ዐርፈው ነበር፤ ልጃቸውም እንዲቀብሯቸው አልተፈቀደላቸውም። እናትየው ያን ዲግሪ ሳያዩ ሞቱ፤ ልጃቸው ምን ዓይነት ሰው እንደ ነበሩ ግን ዲግሪው ሳይመጣ ታውቆ ነበር።

የእነዚህን ሰዎች ታሪክ የጠራነው «ለጥቂት የቀረበት ሁሉ ታላቅ ሰው ይሆናል» ለማለት አይደለም። አይሆንም፤ ብዙዎቻችን ተራ ሰዎች ሆነን እንኖራለን። የጠራነው አንድ ወረቀት የአንድን ሰው ነገር ሁሉ ጨርሶ እንደማይናገር ለማሳየት ነው።

አሁን ለእያንዳንዳችሁ ጥቂት ቃል እንተው።

ውድ ተማሪዎች፤ ዩኒቨርሲቲ ስትገቡ የመጀመሪያው ዓመት ነጥብ ከመጨረሻው ዓመት ጋር እኩል መቈጠሩን አትርሱ። ቀድመን በሰጠነው ምሳሌ ተማሪው በመጀመሪያው ዓመት በ30 ሰዓት 93 ነጥብ ቢያገኝ አማካዩ 3.10 ነው። በቀሩት 90 ሰዓታት 326 ነጥብ፣ ማለትም ከ3.62 በላይ አማካይ ቢያመጣ እንኳ ድምሩ 419 ነው። ሦስት ዓመት ሙሉ ከመስመሩ በላይ ሲሠራ ቆይቶ በመጀመሪያው ዓመት ምክንያት አንድ ነጥብ ይጐድለዋል። ከ18 ማዞሪያ ተነሥቶ ጎንደር ወይም ጅማ ወይም ሐረማያ የገባ ልጅ ዶርሙን፣ ምግቡንና አየሩን እስኪለምድ የሚያጠፋው ጊዜ ይህ ነው። ስለዚህ «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የሚለውን ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሩት። ያልገባችሁን ውጤት መምህራችሁን በትሕትና ጠይቁ፤ የማጣራት መብት በደንቡ አለና። ይህን ሁሉ አድርጋችሁ ለጥቂት ቢቀርባችሁ ደግሞ አትደበቁ። ወሬው ከሌላ ሰው አፍ ሳይደርስ ለወላጆቻችሁ ራሳችሁ ንገሯቸው።

የተከበራችሁ ወላጆች፤ እናንተን ለመምከር አልተነሣንም፤ «ልጅ ለእናቷ ምጥ አስተማረች» እንዳትሉን እንፈራለን። አንድ ልመና ግን አለን። ውጤቱ ሳይወጣ ለጎረቤት አታውሩብን፤ የተነገረው ቃል በልጁ ጀርባ ላይ ይቀመጣልና። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከተፈተኑት ውስጥ 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 ከመቶ ብቻ እንደ ነበሩ አስታውሱ። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ለመመረቅ የመውጫ ፈተና ማለፍ ይጠበቅበታል። ይህን ሁሉ በር አልፎ የመጣ ልጅ በመጨረሻው ደጃፍ ላይ «ለምን በከፍተኛ ማዕረግ አልሆነም?» ተብሎ ቢጠየቅ ያለፈባቸው በሮች ሁሉ ከንቱ ይሆኑበታል። ይልቁንስ «ምን ተማርህ? ምንስ ልትሠራበት አሰብህ?» ብላችሁ ጠይቁን። ይህን ጥያቄ ለመመለስ እናፍራለን ብላችሁ አትስጉ፤ እንወደዋለን።

የተከበራችሁ መምህራን፤ የፈተናውን ወረቀት በጊዜው አርማችሁ ስትመልሱና ነጥቡ ለምን እንደ ተቀነሰ ስታስረዱ፣ ተማሪው የቀረበትን ነገር ምክንያት ያውቃል። ምክንያቱን ያወቀ ሰው ይታረማል፤ ያላወቀ ግን ዕድሉን ሲረግም ይኖራል። በዚህ ትምህርት ቤት እናንተ ይህን ስላደረጋችሁልን ዛሬም እናመሰግናችኋለን።

በሠፈራችን ብዙ ቤቶች ውስጥ ሳሎን ሲገቡ ከግድግዳው ላይ በመስታወት የተለበጠ የምረቃ ፎቶግራፍ ይታያል። ጥቁር ጋውን የለበሰ ልጅ፣ በአንድ ወገን እናት፣ በሌላው ወገን አባት ቆመዋል። በዚያ ፎቶግራፍ ላይ ነጥቡ አልተጻፈም። የሚመጣው እንግዳም «የማን ልጅ ነው?» ብሎ ይጠይቃል እንጂ «ስንት አመጣ?» አይልም። እናንተም ተማሪዎች ለከፍተኛው ማዕረግ በሙሉ ኃይላችሁ ድከሙ፤ ብታገኙት ደስ ይበላችሁ፤ ለጥቂት ቢያመልጣችሁም በዚያ ፎቶግራፍ ውስጥ ቦታችሁን ይዛችሁ ቁሙ።

ትምህርት ቤታችን ለብዙ ዘመን ይኑር።